ያልተከደነው በርሜል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

«ወባ የቆላ በሽታ ናት፤ ደጋ አትወጣም» የሚለው አባባል በእኛ በአዲስ አበቤዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ነገሩ እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ በደብረ ዘይት አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) የተመዘገቡትን የወባ ሕሙማን የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ ሞቃት በሆኑት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛው ቦታ እንደምትወጣ በ2014 አረጋግጠዋል። ደብረ ዘይት ደግሞ ለቦሌ ጎረቤት ናት።

በዚህ ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የእስያ ትንኝ መጥታብናለች። በሀገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። የለመድናት የወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ስትሻ፣ ይህችኛዋ ግን ከተሜ ናት፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። ስለዚህም በጋው አያግዳትም። ድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕሙማን መዝግባ ነበር፤ በ2022 የመጀመሪያ ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆኑ። በ2013 ደንጌ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ያመጣችባት ሌላዋ ትንኝም የምትራባው በዚያው በተጠራቀመ ውሃ ነው።

እስቲ አያትንና ሰሚትን እንመልከት። ውሃ በፈረቃ ነውና በርሜል የሌለው በረንዳ የለም። ክዳን ያለው ስንቱ ነው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዕቃን እንድንከድን፣ የውሃ አቁማዳን አፍ እንድናስር አዘውናል። ጃቢር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ በዓመት ውስጥ ወረርሽኝ የሚወርድባት አንዲት ሌሊት እንዳለች፣ ያልተከደነ ዕቃንም እንደማያልፍ ይነግረናል። ሐዲሱ ስለ ትንኝ ነው አላልኩም፤ እያንዳንዱን ሐዲስ ከሳይንስ ጋር ለማጋጠም የሚደረገውን ሩጫም አልወደውም። ትእዛዙ ግን ግልጽ ነው።

«ቀደር ከሆነ ክዳን ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ላይ የወረርሽኙን ወሬ ሰምተው ሲመለሱ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን ጠይቀዋቸው ነበር። ዑመር የመለሱት ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ ነው። ደግሞስ ከእኔ በርሜል የወጣች ትንኝ የምትነድፈው ጎረቤቴንም አይደል? የጎረቤት ሐቅ እዚህም አለ።

የመስጂድ ኮሚቴዎች ሆይ! ከቤታችን በፊት የውዱእ በርሜሎቻችን ይታዩ። እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀን ቢጨምር ነው። ሐሙስ ማታ ውሃው ተደፍቶ፣ በርሜሉ ታሽቶ፣ ዳር እስከ ዳር የሚገጥም ክዳን ቢደረግበት ጁምዓን በንጹሕ ውሃ እንቀበላለን፤ ወጪውም የአንድ ክዳን ዋጋ ነው።