«የኛ ሰው» ሲከሰስ

አንድ ሰው በከባድ ወንጀል ተጠርጥሮ ሲፈለግ ቆይቶ በመጨረሻ እጁን ቢሰጥ፣ ስለርሱ ምን ማለት ይገባናል? «ጥፋተኛ ባይሆን ኖሮ ለምን ይሸሸግ ነበር?» የሚሉ አሉ። «ንጹህ ባይሆን ኖሮ መች እጁን ይሰጥ ነበር?» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ግን ማስረጃ ሳያዩ ፈርደዋል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1988 ከለንደን ወደ ኒውዮርክ ይበር የነበረ የፓን አም አውሮፕላን ሎከርቢ በተባለች የስኮትላንድ ከተማ ሰማይ ላይ በቦምብ ፈንድቶ ወደቀ። ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 259፣ የከተማዋ ነዋሪዎች 11፣ በድምሩ 270 ሰዎች አለቁ። በ1991 አሜሪካና ስኮትላንድ አብዱልባሲጥ አል-መግራሂና አል-አሚን ኸሊፋ ፊሂማ የተባሉ ሁለት ሊቢያውያንን ከሰሱ። ሊቢያ አሳልፌ አልሰጥም አለች። የጸጥታው ምክር ቤት በ1992 ማዕቀብ ጣለባት። በሁለት ሰዎች ክስ ሳቢያ ሕዝቡ በሙሉ ለሰባት ዓመታት ቀንበር ተሸከመ። በኔልሰን ማንዴላና በሳዑዲ ዓረቢያ ሽምግልና፣ በገለልተኛ አገር ግን በስኮትላንድ ሕግ እንዲዳኙ ስምምነት ተደርሶ፣ ሁለቱ ሰዎች ኤፕሪል 5 ቀን 1999 ሆላንድ ገቡ።

ያን ጊዜ የመድረሳ ተማሪ ነበርኩ። ወሬውን በሬዲዮ እንደሰማን፣ «ንጹሃን ናቸው! የተከሰሱት ሙስሊም ስለሆኑ ነው» ስል ተከራከርኩ። ኡስታዛችን ኪታባቸውን ከድነው፣ «አንተ ልጅ፣ በምን ዐወቅህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያም በተፍሲር መጻሕፍት የሚተረከውን ታሪክ አነሱልን። መዲና ውስጥ አንድ ሰው ጥሩር ሰርቆ ጥፋቱን በአንድ አይሁዳዊ ላይ አላከከ። ዘመዶቹም «የኛ ሰው ነው» ብለው ተሟገቱለት። የሱረቱ ኒሳእ አንቀጾች ግን አይሁዳዊውን ነጻ አወጡ፤ ለከዳተኛ መሟገትንም ከለከሉ።

እነሆ ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ሦስቱ ዳኞች ፈረዱ። ፊሂማ በነጻ ተሰናበተ፤ መግራሂ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሁለቱ አብረው ሄደው፣ በአንድ ችሎት ቆመው ነበር። እንግዲህ እጅ መስጠት ጥፋትንም ንጽህናንም አያረጋግጥም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ክርክሩን ከጉልበት ወደ ማስረጃ ያሸጋግራል።

እርግጥ ነው፣ ዳኛም ሰው ነውና ሊሳሳት ይችላል። መግራሂ በካንሰር ሕመም ምክንያት በ2009 ተፈትቶ በ2012 እስኪሞት ድረስ አላጠፋሁም ይል ነበር። ልጆቻቸውን ካጡት ወላጆች መካከል እንኳ ፍርዱን የተጠራጠሩ አሉ። የስኮትላንድ ፍርድ ቤት ደግሞ ከሞቱ በኋላ የቀረበውን ይግባኝ በ2021 ውድቅ አደረገ። ታዲያ ኡስታዛችንን «ይኸው፣ እኔ ልክ ነበርኩ» ልላቸው እችላለሁን? በፍጹም! እነዚያ ወላጆች የተጠራጠሩት ማስረጃውን ሰምተውና መርምረው ነው። እኔ ግን የተማመንኩት የሰዎቹን ስም ብቻ ሰምቼ ነው።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ አንድ ተፈላጊ ሰው ሲከራከሩ ስሰማ፣ «በምን ዐወቃችሁ?» እላቸዋለሁ። ከዚያ ቀን ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ሁለቱ ሰዎች ያን ያህል ስጮህ፣ ስለ 270ዎቹ አንድ ቃል እንኳ ከአፌ አልወጣም።

ወላሁ አዕለም።