ክብሪት ያልያዘ ሰውስ?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ግዛት፣ ድርቁ እሳት እንዳያስነሣ ብላ ጫካ መግባትን ከለከለች። የእግር ጉዞም ሆነ ድንኳን ተክሎ ማደር ቀረ። ቅጣቱ 25,000 የካናዳ ዶላር። ብዙዎች ተቆጡ፦ እሳት የማልለኩስ ሰው ዝም ብዬ ብራመድ ጥፋቴ ምንድን ነው?

ጥያቄው እኛም ጋ ይሠራል። ከመካነ ሰላም አለፍ ብሎ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ደንቆሮ ጫካ የምንለው። ለእኛ ለከላላ ልጆች ሩቅ አይደለም። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ከላይ አስታና ጓሳ የለበሰ ደጋ ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። እንበልና እስኪዘንብ ድረስ «ለሽርሽር መግባት ክልክል ነው» ቢባል፣ ክብሪት ያልያዝኩት እኔ ምን ልበል?

እሺ ነው የምለው። ክልከላው ጥፋተኛ አላለኝም። ጠባቂው ከሸንተረሩ ማዶ ሆኖ የማንን ኪስ ያያል? ንጹሑ በበዛ ቁጥር ግዴለሹ መሸሸጊያ ያገኛል። ደግሞስ ያጣሁት ምንድን ነው? አንድ ቅዳሜና ጥቂት ፎቶ። (ፎቶውም ያው የአምናው ዓይነት ነው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ።)

የሚከብደኝ ሌላ ነው። ያው ክልከላ እረኛውና ማር ቆራጩ ጋ ሲደርስ የሚወስደው ቅዳሜን ሳይሆን እንጀራን ነው። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ፓርክ የተነሣውን እሳት አስቡት። ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ፣ ሄሊኮፕተርም መጣ። ከዚያ በፊት ግን ቅጠልና አፈር ይዞ ሲታገል የነበረው የአካባቢው ሰው ነው። ሲነድ የሚጠራ ሰው ሲዘጋ ካልተጠየቀ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው?

መንዝ ላይ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ጓሳውን ለዘመናት ራሳቸው ይዘጉት ነበር፤ አንዳንዴ ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይፈለጋል፤ ቢሆንም እስኪከፈት ይጠበቃል። የሚዘጋውም የሚቸገረውም ያው ሰው ነበር። አሳምሬ ልሥለው አልፈልግም፤ መብቱ በዘር ስለሚወረስ ተወላጅ ያልሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ደስ ያለው ሰው መኖሩ አይቀርም።

እና ለደንቆሮ ጫካ ሲወሰን የእኔ ዓይነቱ ሽርሽረኛ ስብሰባው ላይ ባይኖር ምንም አይደል። ቅጠል ቆርጦ ወደ እሳቱ የሚሮጠው ግን ይኑር። መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ እስከዚያው ከብቱ የት እንደሚውል እሱ ይናገር። ለእኔ በስልክ መልእክት ላኩልኝ፤ ዝናቡ ሲጥል እመጣለሁ።