ስለ ቅያሜና ስለ ቂም

ሰው በሰው ላይ የሚያድርበትን ክፉ ስሜት አማርኛ በአንድ ስም ብቻ አይጠራውም። ቍጣ አለ፥ ኵርፊያ አለ፥ ቅያሜ አለ፥ ቂምም አለ። ቍጣ ይመጣል፥ ይበርዳልም። ያኰረፈም ሰው ዝምታው ራሱ «ለምኑኝ» የሚል ቃል ነው።

ሊመረመሩ የሚገባቸው ግን ቅያሜና ቂም ናቸው። ሁለቱም «ተቀየመ» ከሚለው ግስ ጋራ የአንድ ሥር ልጆች ሲሆኑ ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንድ የጎንደር ሰው ወዳጁን «ተቀይሜሃለሁ» ቢለው ለእርቅ በር ከፈተ ማለት ነው፤ ያም «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይጠይቃል፥ ሽማግሌም ይቀመጣል። «ቂም ይዤብሃለሁ» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ግን ከስንት አንድ ነው፤ የቂም ኃይሉ በመሰወሩ ነውና። ደግሞም ቍጣ «መጣበት» ሲባል ቂም «ያዘ፥ ቋጠረ» ይባላል። መያዝና መቋጠር የእጅ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ባለቂሙ «ልቤ እንቢ አለኝ» ብሎ ቢያመካኝ የገዛ ቋንቋው ይመሰክርበታል።

በሩቅ ምሥራቅ ያሉት ጃፓኖችም ቂምን «ኡራሚ» ሲሉት፥ የሚጠሉትን ነገር ግን «ኪራይ» ይሉታል። ባለቅኔ ይህን ቢሰማ ሰምና ወርቁን ለማግኘት አይቸገርም፤ ጠላቱን በልቡ ያሳደረ ሰው ኪራዩን የሚከፍለው ራሱ ባለቤቱ ነውና።

ነገር ግን ፍርዱ በተበደለው ላይ ብቻ እንዳይከብድ ያስፈልጋል። በዳዩ ጌታ፥ ተበዳዩ ሎሌ ቢሆን ቅያሜውን ለማን ይናገራል? ሰሚ ያጣ ቅያሜ ወደ ውስጥ ተመልሶ ቂም ይሆናል። ወንጌልም መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ይሂድ ያለው ቂም የያዘውን ሳይሆን፥ ወንድሙ ያዘነበትን ሰው ነው። ይህን ብዙዎች ገልብጠው ይሰሙታል።

ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. በስሜን በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት፥ የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ እናታቸውን በኮሶ ሻጭነት እያነሣ ይዘብትባቸው እንደ ነበር ይተረካል። ድል አድርገው በማረኩትም ጊዜ ኮሶ አጠጡት ይባላል። ኮሶ የሆድ ትል ያወርዳል፤ ቂም ግን አያወርድም። እኒሁ ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አስዘርፈው ባቃጠሉ ጊዜ ደግሞ፥ ቅያሜውን የሚናገርበት ፊት ያጣው የከተማው ሕዝብ ሆነ።