ስሕተትን ስለ መፍታት፤ ከእንጨት ብዕር ሥራ የተገኘ ምክር

አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእጅህ የሠራኸው ዕቃ በውስጡ ስሕተት እንዳለበት አንተ ብቻ ብታውቅ፥ የሚቀበልህ ሰው ግን ባያውቅ፥ ዕቃውም ከውጭ ሲያዩት ያማረ ቢሆን፥ ፈትተህ ልታቃናው ይገባሃልን? ወይስ እንዳማረ ትሰጠዋለህ? ይህ ጥያቄ ለአናጢ ብቻ የቀረበ አይምሰልህ። ውል የሚጽፍ ጸሐፊ፥ ሒሳብ የሚዘጋ ገንዘብ ያዥ፥ ልጅ የሚያሳድግ አባት፥ ደቀ መዝሙር የሚያስተምር መምህር ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ያገኘዋል። እኔ መልሱን የተማርሁት በሮቤ ከተማ ከአንድ የእንጨት ብዕር ነው።

ሮቤ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ የባሌ ደጋ ላይ ያለች፥ ዙሪያዋን የስንዴና የገብስ እርሻ የከበባት ከተማ ናት። በዚያ በርና መስኮት በሚሠራ በአንድ ወጣት አናጢ ቤት የወይራ ቁርጥራጭ ለማገዶ ሲጣል አይቼ አዘንሁ። ወይራ ክብደት ያለው፥ ጽኑዕ፥ በለሰለሰም ጊዜ ጥቁርና ቡና ዓይነት መስመር እንደ ደም ሥር የሚታይበት እንጨት ነውና፥ ከቁርጥራጩ እስክሪፕቶ ልንሠራ ተስማማን። የብረቱን ክፍሎች ከውጭ አገር ተሠርተው ከሚመጡት አገኘን።

ሥራው እንዲህ ነው። እንጨቱን ለሁለት ይከፍሉታል፤ የእያንዳንዱንም መካከል 7 ሚሊ ሜትር በሆነ መሰርሰሪያ ይበሱታል። በቀዳዳው ቀጭን የናስ ቱቦ በማጣበቂያ ያስገባሉ፤ በደረቀም ጊዜ በቶርኖ እያሽከረከሩ በመሮ ይቀርጹታል። ከዚያ በኋላ ብረቶቹ በግፊት ይገባሉ። በታችኛው ቱቦ በአንዱ አፍ የብዕሩ ሾጣጣ ጫፍ ይገባል፤ በሌላው አፍ ደግሞ ሲያዞሩት ቀለሙን የሚያወጣውና የሚመልሰው መሣሪያ ይገባል፤ እርሱንም በዚህ ጽሑፍ ጠምዛዥ ብዬ እጠራዋለሁ። ቀለም የያዘው ቀጭን ቱቦ በጠምዛዡ ውስጥ አልፎ በጥርሱ ይታሰራል። በላይኛው ክፍል የኪስ ማንጠልጠያውና ክዳኑ ይቀመጣሉ።

እንግዲህ የብዕሩ ልክ ሁሉ ያለው በጠምዛዡ ጥልቀት ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳይገባ ቢቀር የቀለሙ ጫፍ ለመጻፍ አይደርስም፤ ያንኑ ያህል አልፎ ቢገባ ደግሞ ቀለሙ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ የባለቤቱንም ኪስ ያበላሻል።

እኔም አንዱን ስገጥም በችኮላ ጠምዛዡን ከልኩ አሳለፍሁት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ ያፈሰስሁትን ወዲያው ልለቅም ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ቀኑ መሽቶ ነበር፤ ብዕሩም አምሮ ነበር። ስለዚህ የብዕሩን ጫፍ በቀጭን ዘንግ ጥቂት ወደ ውጭ ገፋሁት፤ ያለፈውንም ልክ በዚህ አካካስሁ። በጫፉና በእንጨቱ መካከል የታየውን ክፍተት የወይራ ብናኝ ከማጣበቂያ ጋር ለውሼ ደፈንሁት፤ አለሰለስሁትም። ቀለሙ ወጣ፥ ገባ። ማንም አላወቀም። መፍቻው ዘንግ በእጄ ሳለ ለመሸሸጊያ እንደ ተጠቀምሁበት ያወቅሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ብዕሩን ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጎባ ለምትማር ለአንዲት ተማሪ የትጋቷ ሽልማት ይሆን ዘንድ ሰጠኋት። ከ2 ወር በኋላ ወደ እኔ መጣች። በነጭ ሸሚዟ ኪስ ላይ ሰማያዊ ቀለም ፈስሶ ነበር። በጻፈች ቁጥር እጇ ብዕሩን ሲጫነው፥ የደፈንሁበት ብናኝ ተፈርፍሮ ጫፉ ወደ ፊተኛው ስፍራው ተመልሷልና፥ ቀለሙ መግቢያ አጥቶ ነበር። እርሷ ግን «ጋሼ፥ አያያዙን ሳላውቅበት ቀርቼ ነው መሰለኝ ያበላሸሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ።

ወዳጄ ሆይ፥ ይህን ቃል አስተውል። በዳዩ እኔ ሳለሁ ይቅርታ የለመነች እርሷ ናት። የተሸሸገ ስሕተት ልማዱ ይህ ነው፤ ሠሪውን ትቶ በተቀባዩ ላይ ይፈርዳል። ድሀው የተጭበረበረ ውል ይዞ «ማንበብ ባለመቻሌ ነው» ይላል። ልጁም አባቱ ያጠመመበትን ጠባይ ይዞ «እኔ ክፉ ሆኜ ተፈጥሬ ነው» ይላል። እንግዲህ «ማንም ካላወቀ ማን ይጎዳል?» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው፤ የሚጎዳው ያላወቀው ነው።

እውነቱን ነገርኋትና ብዕሩን ልፈታ ወደ አናጢው ሄድሁ። እርሱም የመፍታትን ሥርዓት አስተማረኝ። ሦስት ነገር አለበት።

አንደኛ፥ መፍታት በኋላ ከገባው ይጀምራል። የላይኛውን ክፍል ይለዩታል፤ የቀለሙን ቱቦ አዙረው ያወጡታል። ከዚያ በኋላ በጠምዛዡ ቀዳዳ የሚያልፍ ቀጭን ዘንግ አስገብተው በቀላል መዶሻ መታ መታ እያደረጉ ጫፉን ያስወጡታል። ጫፉ ከወጣ በኋላ ብቻ፥ በዚያው በር ወፈር ያለ ዘንግ አግብተው ጠምዛዡን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ይህን ቅደም ተከተል ዘልሎ ጠምዛዡን በጉጠት ልጎትት የሚል ሰው ያጣምመዋል። በሰውም መካከል እንዲሁ ነው። ከወንድምህ ጋር ለተጣላህበት ነገር ከዓመታት በፊት የነበረውን ሥሩን ልንቀል ከማለትህ በፊት፥ ትናንት የተናገርኸውን ክፉ ቃል አንሣ። የመጨረሻው በደል ሳይነሣ ወደ መጀመሪያው መድረስ አይቻልም።

ሁለተኛ፥ ምቱ በብረቱ ላይ ይሁን እንጂ በእንጨቱ ላይ አይሁን። እንጨቱን በሞርሳ አጥብቆ የሚያስር ሰው ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ይያዛል። የተሳሳተው የጠምዛዡ ስፍራ ነው፤ ወይራው ግን ምን በደለ? ሰውን የምንገሥጽ ሁላችን ይህን እናስብ። ተማሪ በሒሳብ ቢሳሳት ሒሳቡን እናርመው እንጂ «አንተ ሰነፍ፥ የሰነፍ ልጅ» ብለን ሰውነቱን አንምታው።

ሦስተኛ፥ በጊዜው ይሁን። ብረቶቹ በጥብቀታቸው ብቻ ሲቆሙ በጥቂት ምት ይወጣሉ። የእኔን ብዕር ግን ማጣበቂያው ይዞት ነበርና ዘንጉ ሊያነቃንቀው አልቻለም። ማጣበቂያ በሙቀት ይለሳልና ጫፉን በጋለ ብረት አሞቅነው። ጫፉ ወጣ፤ ነገር ግን ወይራው በሙቀቱ ደርቆ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። አየህን? ስሕተቱ ራሱ እንጨቱን አልጎዳውም ነበር፤ የሰነጠቀው ሽሽጉ ነው። ለተማሪዋም ሌላ ብዕር ሠርቼ፥ ጥልቀቱን ሦስት ጊዜ ለክቼ ሰጠኋት።

የቀደሙት አባቶቻችን ይህን ያወቁ ይመስለኛል። ብራና የሚጽፍ ሰው በመቃ ብዕሩ አጠገብ ካራ ያኖራል፤ በካራው መቃውን ይቀርጻል፥ የተሳሳተውንም ፊደል ቀስ ብሎ ይፍቃል። ጥራዞቹንም እርስ በርሳቸው የሚይዛቸው ክር ነው እንጂ ማጣበቂያ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ጥራዝ ያለ ስፍራው ቢገባ ክሩ ተፈትቶ፥ ቅጠሉ ሳይቀደድ፥ እንደ ገና ይሰፋል። ቁርዓን የሚማሩ ልጆችም በእንጨት ሉሕ ላይ ጽፈው፥ ካጠኑ በኋላ አጥበው እንደ ገና ይጽፉበታል። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ መታረም አስቀድሞ የታሰበ ነው። ቤታችንንና ማኅበራችንንም እንዲህ ልናደርግ ይገባናል፤ «ተሳስቻለሁ» የሚል ሰው የሚዋረድበት ቤት ማጣበቂያ የበዛበት ቤት ነውና።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። እንከን ሁሉ ይፈታ ማለቴ አይደለም። በወይራው ላይ ትንሽ ጭረት ቢቀር፥ የኪስ ማንጠልጠያው ከእንጨቱ መስመር ጥቂት ዘወር ቢል፥ ብዕሩ ይጽፋል፤ ይህን ለማቃናት መፍታት መልካሙን እንጨት ለአደጋ መስጠት ነው። ስለዚህ መዶሻውን ከማንሣትህ በፊት ራስህን እንዲህ ብለህ ጠይቅ፤ «ይህ ስሕተት የሚጎዳው ተቀባዩን ነው ወይስ የእኔን ክብር?» ክብርህን ብቻ የሚጎዳ ከሆነ ተወው፤ ለትሕትና ይረዳሃል። ተቀባዩን የሚጎዳ ከሆነ ግን ምንም ቢመሽ፥ ምንም ቢያምር ፍታው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ወረቀት ካጠፍኸው በኋላ ጥቂት ቆይተህ አስብ። በብናኝ የደፈንኸው፥ አንተ ብቻ የምታውቀው ነገር አለን? ስለ እርሱ ያለ በደሉ ራሱን የሚወቅስ ሰው አለን? ካለ፥ ወደ እርሱ ሂድና እውነቱን ንገረው። ከዚያም በኋላ ከገባው ጀምር፤ ቀስ ብለህ፥ ብረቱን እንጂ እንጨቱን ሳትመታ፥ ማጣበቂያውም ፈጽሞ ሳይደርቅ ፍታው።