የማናየው ቀራጭ



ሐምሌ ነው እንበል። ፍኖተ ሰላም ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቅዎ ተቀምጠዋል፤ ወይም ቡሬ ላይ ዛላ በርበሬ ሲያስመዝኑ ዝናብ ይዞዎታል። ስልክዎ ይጠራል። ቁጥሩን አያውቁትም። «ሐጂ ነዎት? ከገቢዎች ነው የምደውለው» ይላል ድምፁ። ስምዎን ከነአባትዎ ይጠራል፤ ምን እንደሚነግዱ ይነግርዎታል፤ አሥር አኃዝ ያለውን ቲን ቁጥርዎን አንዲት ሳያዛንፍ ያነብልዎታል። ቀጥሎም፣ «ያልከፈሉት ውዝፍ ተገኝቶብዎታል። ከነቅጣቱና ከነወለዱ 60 ሺህ ብር ሆኗል። ፋይሉ ዛሬ ከሰዓት ወደ ሕግ ክፍል ይሄዳል፤ ሱቁም ይታሸጋል» ይላል። እርስዎ ዝም ሲሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ እንዲዋረዱ አልፈልግም። 8 ሺህ ብር በዚህ ቁጥር ያስገቡልኝ፤ ፋይሉን እኔ አስተካክለዋለሁ» ይላል።

ምን ያደርጋሉ?

«ይህማ ሌባ ነው፤ ስልኩን እዘጋበታለሁ» ለማለት አይቸኩሉ። ተረጋግተው ሲያነቡት ሌባነቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ፣ ያለፈው ዓመት ደረሰኝ የት እንደገባ ባልታወቀበት ሰዓት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዐዋቂም ይታለላል፤ ሐቀኛም ይታለላል። እንግዲህ ከአጭበርባሪው ብልጠት ይልቅ ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው የራሳችንን ጉዳይ ነው። ማጣራት ሰውን መጠርጠር ነው ወይ? የተታለለ ሰው ዝም ቢል፣ ዝምታው የግሉ ጉዳይ ነው ወይ?

ፊት የነበረው ቀራጭ

በ19ኛው መቶ ዘመን ከእናርያ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገረው የሲራራ ነጋዴ አብዛኛው ሙስሊም ነበር። ዝባድና ወርቅ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ሲወጣ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል። ቀራጩ ጨካኝ ሊሆን ይችላል፤ ከደንቡ በላይም ያስከፍል ይሆናል። ነገር ግን ኬላው የት እንደቆመ ይታወቃል፤ ቀራጩም የማን ሰው እንደሆነ ይታወቃል። የተበደለ ነጋዴ አቤት የሚልበት ነጋድራስ ነበረው። ባጭሩ ቀራጩ ፊት ነበረው።

ፍርሃቱም አብሮን ኖሯል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ አልቀበልም ብሎ ተነሣ። ገማቾች ከታጣቂ ጋር ሲመጡበት፣ ግብሩ ውሎ አድሮ መሬቱን የሚያስለካና ርስቱን የሚያሳጣ መስሎ ታየው። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በአውሮፕላንም ደበደበ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው እንዲነሡ ተደረገ። ያንን ዘመን ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። «የግብር ሰው መጣ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ተራ ቃል ያልሆነው ስለዚህ ነው።

ይህንን የምናነሣው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። አጭበርባሪው ዛሬ የሚነግድበት ሸቀጥ ይኸው ፍርሃት ስለሆነ ነው። በእጁ ማኅተም የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ ታጣቂ የለም። ያለው ከአያቶቻችን ትዝታ የተዋሰው ሥልጣን ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ ከወምበርማ ወይም ከጃቢ ጠህናን ገጠር ተነሥቶ ቢሮ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ከባድ የሆነባቸው ቀኖች መጡ። ሰው መሄድ ሲያቅተው የሚመጣለትን ድምፅ ያምናል። ስለዚህ የተታለለውን «ሞኝ» ከማለታችን በፊት የቆመበትን ቦታ እንይ።

ማጣራትና መጠርጠር

ብዙ ደጋግ ሰዎች፣ «እውነተኛ ሠራተኛ ቢሆንስ? ስልክ ብዘጋበት ነውር አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ከመልካም አስተዳደግ የመጣ ነውና አይናቅም። ሱረቱል ሑጁራትን የቀራ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዚያች በአንዲት ሱራ ውስጥ ሁለት ትእዛዞች ይገኛሉ። 6ኛው አንቀጽ እምነት የማይጣልበት ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ማጣራትን ያዛል፤ 12ኛው አንቀጽ ብዙ መጠራጠርን ይከለክላል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

የሚጠረጥር ሰው ፈርዷል፤ «አንተ ሌባ ነህ» ብሏል። የሚያጣራ ሰው ግን ፍርዱን አቆይቶታል፤ «አንተን አላውቅህም፣ ቢሮህን ግን አውቀዋለሁ፤ እዚያው ሄጄ እጠይቃለሁ» ብሏል። በዚህ አባባል ማንም አልተሰደበም። እውነተኛ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ «መልካም፣ ይምጡ» ይላል። የሚቆጣውና «ጊዜ የለም፣ ስልኩን እንዳይዘጉ፣ ለማንም እንዳይነግሩ» የሚለው ሐሰተኛው ነው። እንግዲህ ማጣራት ነውር መሆኑ ቀርቶ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይ ሚዛን ሆነ ማለት ነው።

ለሚዛኑ የሚሆኑ ጥቂት ነገሮችን ልብ ይበሉ።

ስምዎንና ቲን ቁጥርዎን ማወቁ ምንም አያረጋግጥም። ስምዎ ግድግዳዎ ላይ በተሰቀለው የንግድ ፈቃድ ላይ አለ፤ ቲን ቁጥርዎም በሚቆርጡት ደረሰኝ ሁሉ ላይ ታትሟል። ከእርስዎ ዕቃ የገዛ ሁሉ በኪሱ ይዞት ሄዷል።

ጥድፊያው ራሱ ምልክት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983፣ በግብር ውሳኔ ያልተስማማ ግብር ከፋይ ቅሬታውን በጽሑፍ የሚያቀርብበት 21 ቀን ሰጥቷል። ሕግ 21 ቀን በሚሰጥበት ነገር ላይ ሃያ ደቂቃ ብቻ የሚሰጥ ሰው የሕግ ሰው አይደለም።

ገንዘቡ የሚሄድበትንም ይዩ። ግብር የሚከፈለው ለመንግሥት ነው፤ ክፍያውም ደረሰኝ አለው። ገበሬም ቢሆን የመሬቱን ግብር ሲከፍል ደረሰኝ ይዞ ይመለሳል። የግለሰብ ስልክ ቁጥር ወይም በግለሰብ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ የመንግሥት ካዝና ሊሆን አይችልም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ በአንድ ደቂቃ የሄደው ገንዘብ ግን በአንድ ዓመትም ላይመለስ ይችላል። «ስልክዎ ላይ አሁን የመጣውን ኮድ ያንብቡልኝ» የሚልዎት ሰው ደግሞ የሱቅዎን ቁልፍ እንደጠየቀዎት ይቁጠሩት። የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ ለእውነተኛ ሠራተኛም ቢሆን።

ስምንት ሺው ብር

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ያ ድምፅ የጠየቀው 60 ሺህ ብር አልነበረም። «በ8 ሺህ አስተካክለዋለሁ» ነው ያለው። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ደዋዩም ተደዋዩም ያውቁታል። ጉቦ ነው።

ረቂቁ ተንኮል ይህ ነው፤ ተታላዩ ገንዘቡን ሲልክ ራሱንም ያስራል። ማታ ቤቱ ገብቶ እንደተዘረፈ ሲረዳ ለማን ይናገር? ለፖሊስ «ምን ብለህ ላክህለት?» ቢባል ምን ይመልሳል? ለሚስቱስ? ለጀመዓውስ? በመስጂድ ስለ ሐራም ሲወራ አንገቱን ይደፋል። አጭበርባሪው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን አንደበቱንም ይዞበት ሄዷል።

እዚህ ላይ ራሳችንን አንሸንግል። በዚህ መንገድ የተታለለ ሰው ሁለት ነገር ነው፤ ተበዳይም ነው፣ ጥፋተኛም ነው። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ሌባው ሌባ የመሆኑ ነገር የእርሱን ጉቦ አያነጻውም፤ የእርሱም ጉቦ ለሌባው ገንዘቡን ሐላል አያደርግለትም። ደግሞም ሰውየው ለምን በቀላሉ አመነ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ከእርሱ አልፎ ሁላችንንም ይነካል። ፋይል በእጅ መንሻ ይስተካከላል ብለን የምናወራ፣ አንዳንዴም የምናደርግ እኛ ባንኖር ኖሮ፣ የዚያ ድምፅ ቃል እንደ እብድ ወሬ በተሰማ ነበር። ሐሰተኛው ቀራጭ የዘራው ዘር የበቀለው ቀድመን ባረስነው ማሳ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ምን ያድርግ? ተውበት ጥፋትን በማመን ይጀምራል። ጥፋቱን አምኖ የሚናገር ሰው፣ የመጀመሪያውን የተውበት እርምጃና የመጀመሪያውን የመከላከያ ጡብ በአንድ ጊዜ አስቀመጠ ማለት ነው። የሚያሳፍረው ገንዘቡን መላኩ እንጂ መናገሩ አይደለም።

ዝምታው የማን ነው?

«የሰው ገመና ይሸፈን፤ ሐሜትም ሐራም ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው። ይሁንና ኢማም ነወዊይ «ሪያዱ ሷሊሒን» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ሌላው ሰው ጥፋት መናገር የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል። ተበዳይ ለሚመለከተው አካል አቤት ማለቱና ሰዎችን ከጉዳት ለማስጠንቀቅ መናገር ከስድስቱ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ መጠቆምና ማማት አንድ አይደሉም። የሐሜተኛ ዓላማ ሰውየውን ማዋረድ ነው፤ የጠቋሚ ዓላማ ቀጣዩን ሰው ማትረፍ ነው።

ቀጣዩ ሰው ማን ነው? ያ ድምፅ የእርስዎን ስልክ ከዘጋ በኋላ ሥራውን አላቆመም። ወደሚቀጥለው ቁጥር ደውሏል። ምናልባት ማንኩሳ ላይ ጨውና ዘይት የምትቸረችር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እርስዎ ጠርጥረው ስልኩን ዘግተው ራስዎን ሲያድኑ፣ ለማንም ሳይናገሩ ሲቀሩ፣ የእርስዎ ብልህነት ለእርሷ ምንም አልጠቀማትም። ያልተታለለ ሰው ዝምታም እንደተታለለው ሰው ዝምታ ለሌባው ሲሳይ ነው።

መናገር ጥቅም እንዳለው ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ «ከግብር መሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው፤ ዛሬ ካልከፈላችሁ ትታሰራላችሁ» የሚሉ ደዋዮች አገሩን አጥለቀለቁት። አረጋውያንና ስደተኞች ዋነኛ ዒላማዎቻቸው ነበሩ። ሕግና ሥርዓት በጠነከረበት አገርም ሰው እንዲህ መታለሉን ልብ ይበሉ። የግብር አስተዳደሩን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ከሕዝቡ እጅግ ብዙ ጥቆማዎችን ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የሕንድ ፖሊስ በሙምባይ አጠገብ ይህን ሥራ የሚሠሩ የስልክ ማዕከሎችን ወርሮ ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎችን አሰረ። በሐምሌ 2018 ደግሞ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በተባባሪዎቻቸው ላይ እስከ 20 ዓመት የሚደርስ እስራት ፈረደ። ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው ድምፅ በመጨረሻ ፊት ተገኘለት። አንድ ጥቆማ ብቻውን ምንም አይመስልም፤ ተጠራቅሞ ግን ዱካ ይሆናል።

በእኛም አገር ሕጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አታላይነትን በአንቀጽ 692 ይቀጣል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958ም የማጭበርበር ወንጀልን አካቷል። ሕግ ግን ያልነገሩትን አይሰማም። ስለዚህ የደወለልዎትን ቁጥር አይደምስሱ፤ ሰዓቱንና ብር እንዲላክ የተጠየቀበትን ሂሳብ ይጻፉ። ገንዘብ ከላኩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ይደውሉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም 994፣ የቴሌብር 127፣ የንግድ ባንክ 951 ነው። ከዚያ ለአቅራቢያዎ ፖሊስ ያመልክቱ፤ ለወረዳዎ ወይም ለከተማዎ ገቢዎች ጽሕፈት ቤትም «በስማችሁ እንዲህ ተደወለልኝ» ብለው ያስታውቁ። መንገድ ቢዘጋብዎት ከተማ ያለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይጠይቁልዎት። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ በዕድር፣ በገበያ ቀን ለሰው ይንገሩ።

ለወጣቶችም አንድ ቃል አለን። «የባንክ ሂሳብህን ለአንድ ቀን አውሰኝ፤ ገንዘብ ይገባበታል፤ ድርሻህን ታገኛለህ» የሚልህ ሰው፣ ያችን የማንኩሳ ሴት የሚዘርፍበትን እጅ ከአንተ እየተዋሰ ነው። ፖሊስ ዱካውን ሲከተል መጀመሪያ የሚያገኘው ያንተን ስም ነው፤ በአኺራም «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ቃል፣ ላለማወቅ ድርሻ ለተቀበለ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅመው ራስህ አስበው።

ውድ አንባቢ፣ ስልኩ አሁንም እየጠራ ነው እንበል። ያንሡት። በጨዋ ቋንቋ «ወንድሜ፣ ዕዳ ካለብኝ ዕዳዬን እከፍላለሁ፤ የምከፍለው ግን ቢሮ መጥቼ በደረሰኝ ነው» ይበሉትና ይዝጉ። ከዚያም ደንበኛዎን ከማስተናገድዎ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ወደ ጎረቤትዎ ሱቅ ብቅ ብለው «እንዲህ የሚል ሰው ደውሎልኝ ነበር፤ አንተም ተጠንቀቅ» ይበሉት። ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አምስት ደቂቃዋ ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመት ድካም ልታተርፍ ትችላለች።

ወላሁ አዕለም።