ቃል፣ ወረቀትና ሕሊና

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአበው ብሂል። ብሂሉ ዘወትር የሚጠቀሰው ጽሑፍን ለማወደስ ነው። ይሁን እንጂ የሚወረሰው ሀብት ብቻ አይደለም፤ ዕዳም ይወረሳል። ጽሑፍ የጸሐፊውን ጥበብ ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንም ለነገ ያቆያል። ታዲያ ቃሉን አስቀድሞ በወረቀት ላይ አስፍሮ በሕዝብ ፊት የሚያነብብ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ልቡ የሰጠውን ከሚናገረው ሰው ይልቅ እውነተኛ ነውን? ወይስ ከእርሱ ያነሰ?

ይህ ጥያቄ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በስኮትላንድ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምእመናንንና ሰባኪዎችን ሲያከራክር ኖሯል። ይህች ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የላትም፤ የምትተዳደረው በሰባኪዎችና በሽማግሎች ጉባኤ ነው። የአምልኮዋም እምብርት ስብከት ነው። ስለዚህ ገበሬውም ሸማኔውም ስብከትን በጥሞና ያዳምጥ፣ ይመዝን፣ ይተች ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ደግሞ ከወረቀት የሚነበብ ስብከትን ነው። የሚያነብብ ሰባኪ ዓይኑን ከሕዝቡ ይነቅላል፤ መንፈስ ሊያናግረው የሚገባውን ቃል በቀለም አስሮ ያመጣል፤ ልቡም ቀዝቃዛ ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

ይህን ጥርጣሬ ለማምለጥ ብዙ ሰባኪዎች ሌላ ዘዴ ያዙ። ስብከታቸውን በሳምንቱ ውስጥ ጽፈው ይጨርሱና ቃል በቃል አጥንተው፣ እሑድ ባዶ እጃቸውን ወደ መስበኪያው ሰገነት ይወጣሉ። ሕዝቡም ደስ ይለዋል። የሞራሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ተዋናይ የተጠናን ቃል አሁን እንደ ተወለደ አድርጎ ሲናገር ማንንም አያታልልም፤ ተመልካቹ ትያትር መሆኑን ዐውቆ ገብቷልና። የመስበኪያ ሰገነት ግን መድረክ አይደለም። በዚያ ቦታ የተጠናውን እንደ ድንገተኛ አድርጎ ያቀረበና ወረቀቱን በግልጽ ዘርግቶ ያነበበ ቢመዘኑ፣ ለእውነት የሚቀርበው የትኛው ነው?

ቶማስ ቻልመርስ ወረቀቱን ከዘረጉት አንዱ ነበር። በ1780 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንስትራተር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ፤ በ1803 ኪልማኒ በተባለች የገጠር ደብር ሰባኪ ሆነ። በእጁ የጻፈውን ስብከት በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ፣ በወፍራም የትውልድ አገሩ አነጋገር ያነብብ ነበር። በ1813 እንግሊዛዊው ሰባኪ አንድሩ ፉለር ሊጎበኘው መጥቶ፣ ወረቀቱን ቢጥል የስብከቱ ኃይል ወሰን እንደማይኖረው መከረው። ቻልመርስም ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ሐሳቡ አንሶበት አልነበረም፤ በዝቶ አንዱ ሌላውን እየገፋ መውጫ ቢያሳጣው ነው፤ እስከ አፉ ሞልቶ ሲደፉት ውሃው እንደሚታፈን ጠርሙስ። ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

በ1815 ወደ ግላስጎ ከተማ ተዛወረ። በዚያ ስለ ከዋክብት ሥርዓትና ስለ እምነት ሐሙስ ሐሙስ ያሰማውን ተከታታይ ስብከት ለመስማት ነጋዴው ሱቁን፣ ጸሐፊው ቢሮውን ትቶ ይመጣ ነበር። ይኸው ስብከት በ1817 ሲታተም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጋ ቅጂ ተሸጠ። ንባብን አጥብቃ የምትጠላ አንዲት አሮጊት «ያንቺ ቻልመርስም እኮ ያነብባል» ቢሏት፣ ማንበቡንስ ያነብባል፣ የእርሱ ንባብ ግን ሌላ ነው ብላ መለሰች ይባላል።

ሆኖም የንባብ ግለት ብቻውን የእውነት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። የወረቀት ፈተና የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ቻልመርስ በኪልማኒ የመጀመሪያ ዓመታት ልቡ በሒሳብና በኬሚስትሪ ተይዞ ነበር። አንድ ጎረቤቱ፣ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ቢያገኘውም ለእሑድ ሲዘጋጅ ግን አይቶት እንደማያውቅ ቢነግረው፣ ለዚያስ ቅዳሜ ማታ አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል አለው። በ1805ም ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው አንድ ጽሑፍ፣ ሰባኪ የደብሩን ሥራ በሚገባ ከፈጸመ በኋላ በሳምንት አምስት ቀን ለፈለገው ሳይንስ ሊያውል ይችላል ሲል ተከራከረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ረጅም ሕመም አልጋ ላይ ጣለው፤ ከሕመሙም ሌላ ሰው ሆኖ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ስብከት የሳምንቱ ትርፍራፊ መሆኑ ቀርቶ ዋና ድካሙ ሆነ።

በ1825 የቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ፣ አንድ ሰው የደብር ሰባኪነትንና የዩኒቨርሲቲ መምህርነትን ደርቦ መያዝ ይገባዋልን? በሚለው ጥያቄ ላይ ተከራከረ። ቻልመርስ ይህን መደረብ አጥብቆ ተቃወመ። ከተቃራኒው ወገን አንድ ተናጋሪ ያንን የ1805 ጽሑፍ አውጥቶ በጉባኤው ፊት ጠቀሰው። ጽሑፉ 20 ዓመት ያለፈው፣ ስም የሌለበት፣ በወጣትነት የተጻፈ ነበር። ማምለጫው ብዙ ነው፤ ዝም ማለት ይቻላል፣ ቃላቱን ማጣመም ይቻላል፣ ዘመኑ ሌላ ነበር ማለትም ይቻላል። ቻልመርስ ግን ተነሥቶ ጽሑፉ የእርሱ መሆኑን አመነ። ሒሳብ መጠንንና የመጠኖችን ንጽጽር የሚመረምር ዕውቀት ሆኖ ሳለ፣ እርሱ ግን ሁለት መጠኖችን ዘንግቶ እንደ ነበር ተናገረ፦ የዕድሜን ማነስና የዘላለምን ግዝፈት።

ከዚህ በመነሣት ለወረቀት ጥብቅና የሚቆም ሁሉ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ወረቀት ሰውን እውነተኛ አያደርግም። እንዲያውም «የጻፍሁትን ጽፌአለሁ» እያለ ከስሕተቱ ጋር የሚያረጅ ስንት ነው! በአንጻሩ በአፉ ብቻ የተናገረ «እንዲህ አላልሁም» ለማለት ይቀልለዋል፤ ምስክሩ የሰሚዎች ትዝታ ብቻ ነውና። ወረቀት ይህን መንገድ ይዘጋል እንጂ የተሻለውን መንገድ አይመርጥም። ምርጫው የሕሊና ነው። ቻልመርስ የትናንት ቃሉን አልካደም፤ በትናንት ቃሉም አልታሰረም። በእጅ ጽሑፍ ላይ የተሠረዘ ቃል ከስርዙ ሥር እንደሚነበብ ሁሉ፣ የታረመ ሕይወትም የቀድሞው መስመር ሳይጠፋ ሊነበብ ይችላል። መታረሙ የሚታወቀውም የቀድሞው መስመር ሳይፋቅ ሲቀር ነው።

በ1847 ግንቦት ወር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማለዳ ቻልመርስ በአልጋው ላይ እንዳለ ሞቶ ተገኘ። የእጅ ጽሑፎቹ ዛሬ በኤድንብራ የኒው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ይገኛሉ። አሮጊቷ ሌላ ነው ያለችው ንባብ ግን በእነዚያ ወረቀቶች ላይ የለም፤ ከድምፁ ጋር አብሮ ተቀብሯል። ለወራሽ የተረፈው ቃሉ ብቻ ነው። ያም ቃል ይፈተን ዘንድ፣ ባለቤቱ ራሱ በ1825 እንዳደረገው፣ አንድ ሰው በሰው ፊት ተነሥቶ ሊጠየቅበት ይገባል።