አስታማሚዋ የት ትተኛ?

ሆስፒታል ለማሠራት የተነሣ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት አልጋ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይነቀፍም፤ የአገር ገንዘብ ውሱን ነውና መቁጠር ግድ ይላል። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በሥራ ላይ በነበረው አራተኛው የጤና ዘርፍ ልማት ፕሮግራምም ስሌቱ ይኸው ነበር፦ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሰው፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚደርስ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ። ከቁጥሩ ጋር ጠብ የለንም። የምንጠይቀው ማን ሳይቆጠር ቀረ ብለን ነው።

በእኛ አገር ሕመምተኛ ብቻውን አይመጣም። እናት፣ እህት፣ አንዳንዴም ጎረቤት ትከተለዋለች። ታጎርሰዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ የታዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ትዞራለች፤ ሌሊት ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የምትጠራውም እሷው ነች። የሆስፒታሉን ሥራ እኩሌታ ያለ ደመወዝ ትሠራለች ማለት ነው። ታዲያ ፕላኑን ዘርግታችሁ እዩት። የሐኪሙ ክፍል አለ፣ የመኪና ማቆሚያ አለ፣ ኧረ የሬሳ ክፍልም አለ። እሷ ግን የለችም። ሲመሽ ኮሪደር ላይ ካርቶን ታነጥፋለች፤ ሲነጋ ዘበኛው ያስነሣታል።

«ለአስታማሚ ቤት ከመሥራት በዚያው ገንዘብ አልጋ መጨመር አይሻልም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ከባድ ጥያቄ ነው። አልጋ አጥቶ ከበር የሚመለስ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ጥላና ስለ ምድጃ ማውራት ያሳፍራል። ነገር ግን ክርክሩ የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ አስታማሚዋን ከፕላኑ ስንሰርዛት ከግቢው አልወጣችም። ያው ኮሪደሩ ላይ ነች፤ በሽታ በሚተላለፍበት ቦታ፣ ቃሬዛ በሚያልፍበት መንገድ ላይ።

ኮሪደርን ካነሣን፣ በሰሜን ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የቡታሮ ሆስፒታል ነዳፊዎች የሳንባ ነቀርሳ አየር በማይዘዋወርበት መተላለፊያ ውስጥ እንደሚጋባ አስበው ኮሪደሩን ከሕንፃው ውጭ አወጡት። የአልጋውንም ራስጌ ወደ ክፍሉ መካከል አዙረው ሕመምተኛው በመስኮት ወደ ውጭ እንዲያይ አደረጉ። ፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 በተጠናቀቀው የፓይሚዮ ሳናቶሪየም የኮርኒሱን ቀለም የመረጠው ለተኛ ሰው ዓይን ነበር፤ መታጠቢያውንም ውኃ ሲወርድበት እንዳይንጫጫ አድርጎ ሠራው፣ ጎን የተኛው እንዳይቀሰቀስ። (ለመሆኑ ከእኛ ነዳፊዎች አንድ ሌሊት እንኳ ዋርድ ውስጥ በጀርባው የተኛ ስንቱ ይሆን?)

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን እዚሁ ጉራጌ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ነው። በወሊድ ጊዜ አደጋ ያሰጋቸዋል የተባሉ እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበት ቤት አበጀ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 እዚያ የተመዘገበው ከ24,000 በላይ ወሊድ ሲጠና፣ በማቆያው ካለፉት እናቶች የሞቱት በ100,000 ሲሰላ 90 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ያህል ሆኖ ተገኘ። እርግጥ በቀጥታ ከመጡት ውስጥ ምጥ ጠንቶባቸው የደረሱ አሉና ልዩነቱን ሁሉ ለቤቱ መስጠት ማጋነን ይሆናል። ቢሆንም መንገዱን ያሳጠረው ያ ቤት ነው፤ መኝታና መጠበቂያ እንጂ ኦፕሬሽን የሚሠራበት አይደለም። በኋላም በየጤና ጣቢያው ማቆያ ሲሠራ ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ቦታ ያከሉበት አሉ። እናት ቤቷ መውለድ የምትመርጥበት አንዱ ምክንያት ገንፎውና ዘመዱ መሆኑን የተረዳ ሰው ነበረ ማለት ነው።

እናንተ የሕንፃ ትምህርት የምትማሩ ጓደኞቻችን፣ ለመመረቂያችሁ ሆስፒታል ስትነድፉ እስቲ አንዲት ሴት ወረቀቱ ላይ አስገቡ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ያደፈ ሰሐን ይዛ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ። ሰሐኑን የት ትጠበው? መጸዳጃው በየት በኩል ነው? ዝናብ ቢመጣስ?